ተመልሶ የበቀለው ጸጉር፦ በአንድ ፌሬት ላይ የደረሰ የአድሬናል ዕጢ ሕመም

ቆሎ ወንድ ፌሬት ነው። ስሙን ያወጡለት የቤቱ እናት ናቸው፤ ልጃቸው ከሱቅ ገዝቶ ባመጣው ቀን የጀርባውን ጸጉር አይተው «ይሄማ በደንብ የተቆላ ገብስ ነው የሚመስለው» ስላሉ ስሙ በዚያው ጸና። ከዚያ በፊት ግን፣ ራሳቸው እንዳጫወቱኝ፣ ከአፋቸው የወጣው የመጀመሪያ ቃል «ሸለምጥማጥ ከቤቴ አይገባም!» የሚል ነበር። ያደጉት ዶሮ በሚረባበት የገጠር ግቢ ስለሆነ፣ ቀጠን ረዘም ብሎ በአጭር እግሩ የሚሽሎከለክ ሥጋ በል እንስሳ ለእሳቸው የዶሮ ጠላት እንጂ ሌላ አልነበረም። ፌሬት ግን የሰው ልጅ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ጥንቸልን ከጉድጓዷ እንዲያስወጣለት ያለመደው፣ ዛሬም በአሜሪካና በአውሮፓ በብዙ ቤት የሚያድግ የቤት እንስሳ ነው። ወንዱ ከ1 እስከ 2 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ በደህና ከተያዘ ከ6 እስከ 8 ዓመት ይኖራል።

እኔ የእንስሳት ሕክምና የተማርኩት ቢሾፍቱ ሲሆን የሥራ ልምዴም ከከብትና ከበግ ጋር ነበር። አሁን በሰሜን ቨርጂኒያ ከውሻና ከድመት ውጪ ያሉ ትንንሽ የቤት እንስሳትን በሚያክም ክሊኒክ ውስጥ በቴክኒሻንነት እሠራለሁ፤ ፌሬትን በቅርብ ያወቅሁትም እዚሁ ነው። የቆሎ ቤተሰብ ጎረቤቶቼ ናቸው። ጉዳዩን እንድጽፈው የፈቀዱልኝ እነሱ ያጡትን ጊዜ ሌላ ቤተሰብ እንዳያጣው በማሰብ ነው። ዓመታቱና ወራቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያው ዓመት

ቆሎ የተወለደው በ2019 ነው። በአሜሪካ ሱቆች እንደሚሸጡት አብዛኞቹ ፌሬቶች እሱም ገና የ5 ወይም የ6 ሳምንት ግልገል ሳለ ተኮላሽቶ፣ በፊንጢጣው አጠገብ ያሉት የሽታ ከረጢቶችም ወጥተውለት ነው ለገበያ የቀረበው። ለዚህ ማረጋገጫ በጆሮው ላይ ሁለት ትናንሽ ሰማያዊ ነጥቦች ተነቅሰውለታል። ልጁ ነጥቦቹን እንደ ጌጥ ነበር የሚያያቸው። የሕመሙ ሥር ግን ከእነዚያ ነጥቦች አንደኛው ላይ ተጽፎ ነበር ማለት ይቻላል፤ ወደ እሱ እመለስበታለሁ።

በማርች 2022፣ ቆሎ 3 ዓመት ሊሞላው ሲል፣ የጅራቱ ጸጉር መሳሳት ጀመረ። ልጁ በስልኩ ያነሳውን ፎቶ አይቼዋለሁ፦ ጅራቱ ከጫፉ እስከ መሃሉ ተመልጦ የአይጥ ጅራት መስሏል፤ በቆዳው ላይም የመርፌ ጫፍ የሚያህሉ ጥቁር ነጠብጣቦች ተበትነውበታል። ፌሬት በዓመት ሁለት ጊዜ ጸጉሩን የሚቀይር እንስሳ ስለሆነ ቤተሰቡ አልተጨነቀም፤ በሴፕቴምበር ጸጉሩ ተመልሶ በቀለ፣ እንዲያውም ከበፊቱ የጠቆረና ያማረ ሆኖ። እናትየው «ተመስገን» ብለው ነገሩን ዘጉት።

ብዙ ቤተሰብ የሚሸወደው እዚህ ላይ በመሆኑ ጥቂት ልቆይበት። ፌሬት የመራቢያ ወቅቱን የሚለየው በቀን ብርሃን ርዝመት ነው። ቀኑ ሲረዝም ከአንጎሉ የሚወጣው የመራቢያ ትእዛዝ ይበረታል፤ ሌሊቱ ሲረዝም ደግሞ በጨለማ የሚመነጨው ሜላቶኒን የተባለው ሆርሞን ያንን ትእዛዝ ያረግበዋል። ቆሎን የያዘው የአድሬናል (ከኩላሊት አጠገብ ያለች ትንሽ ዕጢ) ሕመም የሚነዳው በዚሁ ትእዛዝ ስለሆነ፣ በመጀመሪያው ዓመት ጸጉሩ ቀኑ እየረዘመ ሲሄድ ይረግፍና ቀኑ ሲያጥር ተመልሶ ይበቅላል። ባለቤቱ የሚያየው በሽታው የዳነ መስሎ ነው። በቀጣዩ ዓመት ግን ከጅራቱ አልፎ ወደ ዳሌው፣ ከዳሌውም ወደ ጎኑ፣ በሁለቱም በኩል እኩል እየሆነ ይወጣል፤ አንድ ዓመት ደግሞ ይመጣና ጭራሽ መብቀሉን ይተዋል። ስለዚህ ተመልሶ የበቀለ ጸጉር ነገሩ ለማለፉ ማስረጃ አይሆንም፤ በተለይ 3 ዓመት በሞላው የተኮላሸ ፌሬት ላይ ራሱ የበቀለበት ጊዜ መመዝገብ ያለበት የሕመም ምልክት ነው።

ሁለተኛው ዓመትና የተሳሳተው ንባብ

በፌብሩዋሪ 2023 ጅራቱ እንደገና ተመለጠ፤ በኤፕሪል መላጣው ዳሌውን አዳርሶ የወገቡን ሁለት ጎን ይዞ ነበር። በዚህ መሃል ሌሎች ሦስት ለውጦች ታይተዋል፤ ቤተሰቡ ግን እያንዳንዱን ለብቻው ስለተረጎመው አንድ ላይ ሊያያቸው አልቻለም። አንደኛው ማሳከክ ነው፦ ቆሎ ከእንቅልፉ እየነቃ በትከሻዎቹ መካከል ያለውን ቆዳ በኋላ እግሩ ይፎክት ነበር፤ ቁንጫ ነው ተባለ። ሁለተኛው ሽታ ነው፦ የተኮላሸ ፌሬት ሽታው ለስላሳ ሲሆን የቆሎ ግን ከባድ፣ እንደ ፍየል ኮርማ ያለ ሆነ፤ አልጋው በየሳምንቱ ሳይሆን በየሦስት ቀኑ እንዲታጠብ ተደረገ። ሦስተኛው ጠባዩ ነው። በቤቱ ውስጥ በ2021 የተወለደች ነጭ ሴት ፌሬት አለች፤ እሷንም ጤፍ ብለዋታል። ቆሎ ጤፍን ማጅራቷን ነክሶ ከክፍል ክፍል መጎተት ጀመረ። ልጁ ተጣሉ ብሎ ለያያቸው፤ ያየው ግን ወንድ ፌሬት ለመራባት ሲነሳ የሚያደርገውን ነው። ቆለጥ የሌለው እንስሳ የወንድነት ሆርሞን ከየት አመጣ ብሎ መጠየቅ ይገባ የነበረው ያን ጊዜ ነበር።

በኤፕሪል መጨረሻ ወደ አንድ ክሊኒክ ወስደውት ነበር። የቁንጫ መድኃኒትና የቆዳ አለርጂ ማስታገሻ ተሰጥቶት ተመለሰ። ሐኪሙ የዳሰሰው ቆዳውን እንጂ ሆዱን እንዳልነበረ፣ መቼ እንደተኮላሸም እንዳልጠየቀ ልጁ ነግሮኛል። ቁንጫንና እከክን ማጣራት ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ቁንጫ በሁለቱም ጎን ተመሳሳይ መላጣ አያወጣም፣ ሽታም አይለውጥም።

ከሁሉም ያስቆጨኝ ግን አራተኛው ምልክት ነው። ከሜይ አጋማሽ ጀምሮ ቆሎ መጸዳጃ ሳጥኑ ውስጥ ገብቶ ጅራቱን አንስቶ ብዙ ይቆማል፤ ወጥቶ ብልቱን ይልሳል፤ ተመልሶ ይገባል። ልጁ ድርቀት መሰለው። ፌሬቶች ጸጉር ስለሚውጡ አንጀታቸው እንዳይዘጋ የሚሰጥ ቅባት የመሰለ ማለስለሻ አለና እሱን ገዝቶ ለሦስት ሳምንት ያህል በጣቱ አስላሰው። ልጁ እንስሳውን የሚወድና የሚከታተል ነው፤ የሚያየውን ምን እንደሚባል ብቻ አላወቀም። ሰገራውን እንጂ ሽንቱን አልቆጠረም።

የጁን ሌሊት

በጁን 2023 አንድ ቅዳሜ ከምሽቱ አምስት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። እናትየው ነበሩ።

«ዶክተር፣ በዚህ ሰዓት ስላስቸገርኩህ ይቅርታ። ቆሎ ሳጥኑ ውስጥ ገብቶ ይጮኻል። እንዲህ ሲጮህ ሰምቼው አላውቅም።»

«እትዬ፣ ሽንቱን ካያችሁት ስንት ሰዓት ይሆናል?»

ስልኩ ወደ ልጁ ተላለፈ። «ጋሼ፣ ትናንት ማታ ጠብ ጠብ አለ። ዛሬ ግን ሳጥኑ ደረቅ ነው።»

ሆዱን እንዳይጫኑ፣ ምንም እንዳይሰጡት፣ እስከ ሰኞ ይቅርና እስከ ጠዋትም እንዳይጠብቁ ነግሬ፣ ፌሬት ወደሚቀበል የድንገተኛ የእንስሳት ሆስፒታል አብረን ሄድን። በጉዞው ላይ ልጁ ቆሎን በፎጣ ጠቅልሎ ጭኑ ላይ ይዞት ነበር፤ እንስሳው ጥርሱን ያፋጫል፣ በመሃል ራሱን ወደ ኋላ ጥሎ ይንቀጠቀጣል።

ሆስፒታል ሲደርስ 1.08 ኪሎ ግራም መዘነ፤ የዓመት በፊቱ መዝገብ 1.34 ይላል። ጡንቻው ከጀርባው ላይ ሟሙቶ ሆዱ ብቻ ተነፍቷል። ተረኛዋ ሐኪም በሁለት ጣቷ ስትዳስሰው የሽንት ፊኛው እንደ ሎሚ ጠጥሮ ተገኘ። የደም ምርመራው ኩላሊቶቹ ቆሻሻ ማስወጣት እንዳቃታቸው፣ ፖታሲየሙም ከፍ እንዳለ አሳየ። የተዘጋ ሽንት የሚገድለው በዚህ መንገድ ነው፤ ሕመሙ ሳይሆን ደም ውስጥ የሚከማቸው ፖታሲየም ልብን ያቆማል፣ ይህም በአንድ ቀን ሊደርስ ይችላል። በደም ሥሩ ፈሳሽ ተጀምሮለት፣ በጋዝ ማደንዘዣ ተኝቶ፣ በአልትራሳውንድ እየታየ በቀጭን መርፌ ከፊኛው 22 ሚሊ ሊትር ሽንት ተቀዳ። ሽንቱ ደም የቀላቀለ ነበር።

ቀጥሎ ያለው ሥራ ከባድ ነው። ወንድ ፌሬት በብልቱ ውስጥ ጫፉ እንደ መንጠቆ የታጠፈ አጥንት ስላለው የሽንት መውጫውን ቀዳዳ ማግኘቱ ራሱ ትዕግሥት ይጠይቃል። ሐኪሟ ካቴተር የሚባለውን ቀጭን የሽንት ቱቦ (መጠኑ 3.5 ፍሬንች፣ ማለትም ከ1 ሚሊ ሜትር ጥቂት የሚበልጥ) ሁለት ጊዜ ሞክራ መለሰችው፤ በሦስተኛው፣ ፈሳሽ እየገፋች ቀስ ብላ ስታሳልፈው ገባ። ካቴተሩ ከቆዳው ጋር ተሰፍቶ፣ እንዳይነክሰውም አንገቱ ላይ መከላከያ ታስሮለት ሌሊቱን አደረ።

በማግስቱ የተነሳው አልትራሳውንድ ጉዳዩን ገለጠው። ግራው አድሬናል ዕጢ 2.9 ሚሊ ሜትር ውፍረት ነበረው፤ ቀኙ ግን 6.2 ሚሊ ሜትር ሆኖ፣ ቅርጹም ክብ ሆኖ ተገኘ። በፌሬት ከ3.9 ሚሊ ሜትር በላይ የወፈረ አድሬናል እንደታመመ ይጠረጠራል። በፊኛው አንገት ላይ ያለው ፕሮስቴት አብጦ፣ ውስጡ ፈሳሽ የቋጠሩ ከረጢቶች ሠርቶ የሽንት ቧንቧውን ዙሪያውን አንቆታል። ጣፊያውም ተልቆ ነበር፤ ይህ ግን ዕድሜው በገፋ ፌሬት ላይ ብዙ ጊዜ የሚታይ በመሆኑ አላስደነገጠንም። ለልዩ ላቦራቶሪ የተላከው ደም ውጤቱ ከሳምንት በኋላ ሲመጣ ከሦስቱ የተለኩ የጾታ ሆርሞኖች ሁለቱ፣ አንድሮስቴንዲዮንና 17-ሃይድሮክሲፕሮጀስተሮን፣ ከመደበኛው በላይ ነበሩ። ሕክምናው ግን ይህን ውጤት አልጠበቀም፤ መጠበቅም አልነበረበትም።

ቆለጥ የሌለው እንስሳ የወንድነት ሆርሞን ከየት አመጣ

እናትየው እሑድ ከሰዓት በኋላ በሆስፒታሉ መጠበቂያ ክፍል ተቀምጠው የጠየቁኝ ይህንኑ ነው፤ «ተኮላሽቶ አይደለም እንዴ የተሸጠልን?»

በአንጎል ሥር ያለው ፒቱታሪ ዕጢ ኤል ኤች የተባለ ሆርሞን እያመነጨ ቆለጥን ወይም እንቁልጢን ያዛል፤ ቆለጡም የራሱን ሆርሞን ሲያመነጭ «በቃ፣ ደርሷል» የሚል መልስ ወደ አንጎል ይመለሳል፣ ትእዛዙም ይረግባል። ቆለጡ ሲወጣ መልስ የሚሰጥ የለም። አንጎል ትእዛዙ አልደረሰም ብሎ በላይ በላዩ ኤል ኤች ይልካል። የፌሬት አድሬናል ዕጢ፣ ከኩላሊት አጠገብ ያለችው የምስር ፍሬ የምታህለው ዕጢ፣ ይህን ትእዛዝ የሚቀበሉ ሕዋሳት አሏት። በዓመታት ግፊት እነዚያ ሕዋሳት ይበዛሉ፤ መጀመሪያ መወፈር ብቻ ይሆናል፣ ቀጥሎ ገር ዕብጠት፣ አንዳንዴም ካንሰር። የቆለጥን ሥራ ተክተው የጾታ ሆርሞን ያመነጫሉ። ስለዚህ ሕመሙ ከውሻው የኩሺንግ በሽታ ይለያል፤ በውሻ የሚበዛው ኮርቲሶል የተባለው ሌላ የአድሬናል ሆርሞን ሲሆን በፌሬት ግን ኮርቲሶሉ አብዛኛውን ጊዜ መደበኛ ነው፤ ለውሻ የሚደረገውን የኮርቲሶል ምርመራ በፌሬት ላይ አድርጎ «ጤነኛ ነው» ማለት የታወቀ ስህተት ነው።

በ2000 የታተመ የኔዘርላንድስ ተመራማሪዎች ጥናት 50 የታመሙ ፌሬቶችን አይቶ፣ የተኮላሹበት ዕድሜና የታመሙበት ዕድሜ ቀጥተኛ ትስስር እንዳለው፣ ከመኮላሸት እስከ ሕመሙ መታወቅ ያለው ጊዜም በአማካይ 3 ዓመት ተኩል አካባቢ እንደሆነ አሳይቷል። ቆሎ የተኮላሸው በአምስተኛው ወይም በስድስተኛው ሳምንት ነው፤ የመጀመሪያው ምልክት የታየው ሦስት ዓመት ሳይሞላው ነው።

«ታዲያ ባይኮላሽስ?» አሉ። መልሱ ቀላል አይደለም። ሴት ፌሬት ወንድ እስክታገኝ ድረስ ከፍላጎት ወቅቷ አትወጣም፤ ለወራት የሚቆየው ኤስትሮጅን የተባለው የሴትነት ሆርሞን የአጥንቷን መቅኒ አድርቆ በደም ማነስ ሊገድላት ይችላል። ወንዱም ሽታውና ጠባዩ በቤት ውስጥ የሚቻል አይሆንም። መኮላሸቱ ስለሚያስፈልግ ነው የተደረገው፤ ዋጋው ግን በዚህ መልክ ይከፈላል። በአውሮፓ ይህን ዋጋ ለመቀነስ ቆለጡን ከመቁረጥ ይልቅ ያንኑ የአንጎል ትእዛዝ ለጊዜው የሚያቆም መድኃኒት ከቆዳ ሥር መቅበር እየተለመደ ነው።

ውሳኔው

ሁለት መንገድ ነበር። አንደኛው ዕጢውን በቀዶ ሕክምና ማውጣት ነው። የታመመው ግራው ቢሆን ኖሮ ሐኪሟ ይህን ታስቀድም ነበር፤ የግራው ዕጢ በስብ ውስጥ ተኝቶ ስለሚገኝ ልምድ ላለው እጅ የሚቻል ሥራ ነው። የቀኙ ግን ደምን ወደ ልብ ከሚመልሰው ከትልቁ ደም መልስ ግድግዳ ጋር ተጣብቆ ነው የሚገኘው፤ ቢላው በአንድ ሚሊ ሜትር ቢስት እንስሳው በጠረጴዛው ላይ ያልቃል። ኩላሊቱ ገና ላልተመለሰ፣ ክብደቱን አንድ አምስተኛ ላጣ ቆሎ ይህ የሚሞከር አልነበረም።

ሁለተኛው ዴስሎሬሊን ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2012 ለዚሁ የፌሬት ሕመም በልዩ ዝርዝሩ ውስጥ ያስገባው፣ የሩዝ ፍሬ የምታህል 4.7 ሚሊ ግራም የያዘች ቅብር ናት። ለእናትየው ለማስረዳት ብዙ ቃል አላስፈለገኝም፤ «ሴቶች በክንዳቸው እንደሚያስቀብሩት ዓይነት ነው፣ በትከሻው መካከል ከቆዳው ሥር ትገባለች» ስላቸው ወዲያው ገባቸው። ቅብሯ ፒቱታሪን ያለማቋረጥ እየቀሰቀሰች በመጨረሻ ታደነዝዘዋለች፤ ኤል ኤች ይወርዳል፣ አድሬናሉም የሚነዳው ያጣል። መጀመሪያ መቀስቀሷ ግን እውነት ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ሆርሞኑ ከፍ ሊል ስለሚችል፣ ፕሮስቴቱ ያበጠ ወንድ በነዚያ ቀናት እንደገና ሊዘጋ ይችላል። ይህን ሳይነግሩ ቀብሮ ወደ ቤት መላክ ተገቢ አይደለም።

እናትየው ልጁ ቡና ሊገዛልን ሲወጣ ጠብቀው ዝቅ ባለ ድምፅ እንዲህ አሉኝ፤ «ዶክተር፣ እውነቱን ንገረኝ። ገንዘቡን እንደምንም እንከፍላለን። ግን ከሚሰቃይ ቢያርፍ አይሻልም ወይ?» ጥያቄው የርኅራኄ ጥያቄ ስለነበረ በቀጥታ መለስኩላቸው። ሽንቱ ካለ ካቴተር መውረድ ካልቻለ፣ ኩላሊቱም በሦስት ቀን ውስጥ ካልተመለሰ፣ እኔም ከእርስዎ ጋር አንድ ሐሳብ እሆናለሁ፤ እስከዚያ ድረስ ግን የሚሰቃይበት ምክንያት መዘጋቱ ነው፣ መዘጋቱም አሁን ተከፍቷል አልኳቸው። ሦስት ቀን ተስማማን። ለልጁ ያንኑ ቀጠሮ ሲመለስ ነገርነው፤ ሊደበቅበት የሚገባ ዕድሜ ላይ አልነበረም።

ቅብሯ ሰኞ ጠዋት ተቀበረች። ከሷ ጋር ለፊኛው ኢንፌክሽን አንቲባዮቲክ፣ ለሕመሙም ማስታገሻ ታዘዘ። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ካቴተሩ ወጣ። አራት ሰዓት ያህል ምንም አልታየም፤ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ቆሎ በሆስፒታሉ ማደሪያው ጥግ ጅራቱን አንስቶ ቆመ፣ ከሥሩ በተነጠፈው ነጭ ንጣፍ ላይም የእጅ መዳፍ የሚያህል ርጥበት ተዘረጋ። ቀጭን ቢሆንም ያልተቆራረጠ ነበር። ኩላሊቱ በሐሙሱ ምርመራ ወደ መደበኛው ተጠግቷል።

ከዚያ በኋላ

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ሳጥኑ ውስጥ ነጭ ወረቀት ተነጠፈ፤ ልጁ በየጠዋቱና በየማታው የርጥበቱን ስፋት በስልኩ እያነሳ ይልክልኝ ነበር። በስድስተኛው ቀን ርጥበቱ ወደ ነጠብጣብ ስለተመለሰ ዳግመኛ ወሰድነው፤ ፊኛው ግን ለስላሳ ነበር፣ ሌሊቱን ታይቶ ያለ ካቴተር ተመለሰ። ማሳከኩ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ቆመ። ጤፍን መጎተቱም በዚያው ሰሞን ቀረ። በአምስተኛው ሳምንት ዳሌው ላይ እንደ አቧራ የመሰለ ጥቁር ጥላ ታየ፤ በእጅ ሲዳሰስ ከቆዳው ሊወጣ የተዘጋጀ ጸጉር ነበር። በኦገስት መጨረሻ መላው ሰውነቱ ለበሰ፣ ክብደቱም 1.27 ደረሰ።

በሁለተኛው ወር የተደገመው አልትራሳውንድ ፕሮስቴቱ ወደ ግማሽ ያህል እንደሟሸሸ፣ ቀኙ አድሬናል ግን 6.1 ሚሊ ሜትር ሆኖ በቦታው እንዳለ አሳየ። ቅብሯ ሆርሞኑን ትገታለች እንጂ ዕጢውን ከሥሩ አትነቅልም፤ ዕጢው ካንሰር ከሆነ ከሥሯ እያደገ ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ በየስድስት ወሩ እንዲለካ ቀጠሮ ተያዘ። ከ3 ዓመት በላይ የሆነ ፌሬት ቆሽቱ ላይ በሚወጣ ዕብጠት ምክንያት የደም ስኳሩ የሚወርድበት ሌላ ሕመምም ስለሚያሰጋው፣ በየቀጠሮው ጥቂት ሰዓት ጾሞ የደም ስኳሩ ይለካል፤ የቆሎ እስካሁን በዴሲ ሊትር ከ80 ሚሊ ግራም በታች ወርዶ አያውቅም። ቤተሰቡም የፌሬቶቹን መኝታ ከሳሎኑ መብራት አውጥቶ በወፍራም መጋረጃ ጋረደው፤ ማታ ከአንድ ሰዓት ጀምሮ ጨለማ ነው።

የቅብሯ አቅም ከዓመት ጥቂት አለፍ ብሎ እንደሚደክም ነግሬያቸው ነበር። በኦገስት 2024፣ በአሥራ አራተኛው ወር፣ ልጁ ደወለ። «ጋሼ፣ ጸጉሩ ሙሉ ነው፣ ሽንቱም ደህና ነው። ግን አልጋው ያ ሽታ አለው።» በሳምንቱ ሁለተኛዋ ቅብር ተቀበረች። ያን ጊዜ አንዲት ጸጉር አልረገፈችም ነበር።

በዚያው ቀን ልጁ ለጤፍም አስቀድማ ብትቀበርላትስ ብሎ ሐኪሟን ጠየቃት። በአሜሪካ መድኃኒቱ የተመዘገበው ለታመመ ፌሬት ብቻ ስለሆነ ከዚያ ውጪ መስጠት ሕጉ አይፈቅድም፤ በምትኩ ሴቷን በምን እንደሚከታተላት አሳየችው። በሴት ከጸጉሩ መርገፍ ሌላ የብልት ማበጥም የተለመደ ምልክት ነው፤ ማህፀኗና እንቁልጢዋ የወጣ ፌሬት ብልቷ ካበጠ ወይ ከቀዶ ሕክምናው የተረፈ የእንቁልጢ ቁራጭ አለ፣ ወይ አድሬናሉ ታሟል። ልጁ በየእሑዱ ሁለቱን በወጥ ቤት ሚዛን ይመዝናል፣ ጤፍንም ገልብጦ ያያታል፤ ቁጥሩን በፍሪጁ በር ላይ በለጠፈው ወረቀት ይጽፋል።

በማርች 2025 እሑድ ጠዋት ፎቶ ላከልኝ። የጤፍ ብልት ምስር የሚያህል አብጧል፤ ባለፈው እሑድ አልነበረም። ጸጉሯ ሙሉ፣ ክብደቷም 740 ግራም እንደነበረ ነው። በአልትራሳውንድ ግራው አድሬናል 4.4 ሚሊ ሜትር ሆኖ ተገኘ፤ ቀኙ 2.7 ነበር፣ የእንቁልጢ ቁራጭም አልታየም። ለእሷ ሐኪሟ ቀዶ ሕክምናን አስቀደመች። ዕጢው በኤፕሪል መጀመሪያ ወጣ፤ በሁለተኛው ቀን ቤቷ ገባች፣ እብጠቱም በአሥረኛው ቀን ጠፋ። ላቦራቶሪው የሕዋሳት መብዛት እንጂ ካንሰር እንዳልሆነ ጻፈ። የቀረው ቀኙ ዕጢ ያንኑ የአንጎል ትእዛዝ እየተቀበለ ስለሚቀጥል እሷም ከቆሎ ጋር በየስድስት ወሩ ትለካለች፤ እሑድ እሑድ የሚሞላው ወረቀትም አሁን ሁለት ዓምድ አለው።